ሽፋኑን፣ ሲቪውን ወይስ ሙሉ አክስሉን? የፊት አክስል ግቢው ውስጥ ለሚፈታ ሰው

ከዘጌ በጠጠሩ መንገድ ተመልሳችሁ መሪውን እስከ ጥግ ስታዞሩ ከፊት ጎማ በኩል «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከመጣ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የውጭው ሲቪ ጆይንት ነው፤ ይህም አክስሉ ጎማው በኩል እየታጠፈ የሚዞርበት መጋጠሚያ ነው። ቪትዝ ወይም ኮሮላ ያለው፣ እጁም ቁልፍ የለመደ ሰው አክስሉን (ኃይሉን ከካምቢዮው ወደ ጎማው የሚያደርሰውን ዘንግ) ግቢው ውስጥ ማውጣት ይችላል። የሚያስቸግረው ምን ገዝቶ እንደሚተካ መወሰኑ ነው። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ይህን ሳይፈቱ መወሰን ይሻላል፤ አክስሉ የወጣለት መኪና በራሱ ጎማ መንቀሳቀስ የለበትም። የጎማውን ኩሽኔታ አጥብቆ የሚይዘው የአክስሉ ዳዶ ስለሆነ፣ ያለ እሱ መኪናው ቢገፋ ኩሽኔታው ይጎዳል። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መኪናው ባለበት ይቆማል።

ስለዚህ ጎማውን አዙራችሁ ከኋላው እዩ። የጆይንቱ የላስቲክ ሽፋን ተቀዶ ግራሶው ወደ ውጭ ከተረጨ፣ ነገር ግን ስትዞሩ ድምፅ ከሌለ፣ ሽፋን ብቻ ግዙ። ከሁሉም ርካሹ ይህ ነው፤ ድካሙ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ጆይንቱን ከዘንጉ ነቅሎ በናፍጣ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ በጥቁሩ የሞሊብዲነም ግራሶ መሙላት አለ። አሮጌውን ግራሶ በሁለት ጣት አሽታችሁ አሸዋ ከቆረቆራችሁ ስድስቱን ኳሶችና የሚሄዱበትን ቦይ በደንብ ተመልከቱ። ቦዩ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ አዲስ ሽፋን አያድነውም። አክስል ሳይወጣ የሚጠቀለለውን ስንጥቅ ሽፋን ለመንገዳችን አልመክርም፤ የክረምቱ ጭቃ በስፌቱ በኩል ይገባል።

ድምፁ ካለና የውስጡ፣ ካምቢዮው በኩል ያለው ጆይንት ደህና ከሆነ፣ የውጭውን ሲቪ ብቻ መግዛት ሁለተኛው ምርጫ ነው። ከሙሉ አክስል ይረክሳል፤ ስህተቱ ግን የሚመጣው ከልክ ነው። ወደ ሞዞው (ጎማው ወደሚታሰርበት) የሚገባው ጥርስና ዘንጉን የሚቀበለው ጥርስ ቁጥራቸው ለየብቻ መቆጠር አለበት። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ያለው መኪና ላይ ደግሞ ጆይንቱ ባለ ጥርስ ቀለበት ካለው የእሱም ጥርስ ይቆጠራል፤ ከተለየ ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ በርቶ ይቀራል። ለሻጩ የመኪናውን ስም ብቻ ነግሮ መግዛት አይበቃም።

ሙሉ አክስል የሚያስፈልገው የውስጡም ጆይንት ሲላላ ነው፤ ቀጥ ባለ መንገድ ነዳጅ ስትረግጡ መኪናው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጥርጣሬው ወደዚያ ይሄዳል። እዚህ ላይ አዲስ ተመሳሳዩን (ሌላ ፋብሪካ የሠራውን) ወይስ ያገለገለ ኦሪጅናል? እኔ ኦሪጅናሉን እመርጣለሁ። አንድ ጊዜ አዲስ ገዝቼ ገጠምኩ፤ ከተማ ውስጥ ሰላም ነበር፣ ወደ ሐሙሲት ስወጣ ግን ፍጥነቱ ሲጨምር መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጎማ አስተካከልኩ፣ አልተሻለም። በመጨረሻ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ያስመጣሁትን ኦሪጅናል በአዲስ ሽፋንና ግራሶ ገጠምኩና መንቀጥቀጡ ቆመ። አዲስ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ዋስትና በጽሑፍ የሚሰጥ ሻጭ ካገኛችሁ አዲሱ ከሽፋን ሥራ ይገላግላችኋል።

ያገለገለውን ስትገዙ ሽፋኑን አታምኑት፣ በእጃችሁ ፈትኑት። የውጭውን ጆይንት እስከ መጨረሻው አጥፋችሁ አዙሩ፤ መጎርበጥ የለበትም። ዘንጉን ይዛችሁ ጆይንቱን ግራና ቀኝ ስትጠመዝዙት ከላላ ተውት። የውስጡ፣ ሦስት ተንከባላይ ያለው፣ ሳይጎረብጥ መግባትና መውጣት አለበት። የካምቢዮው «ኦይል ሲል» (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ላስቲክ) የሚያርፍበት ቦታ ዝገት ከበላው ዘይት ያንጠባጥባል። ግራና ቀኙም አንድ አይደሉም፤ በእነዚህ ቶዮታዎች ላይ የቀኙ ይረዝማል። አውቶማቲክና ማንዋልም ሊለያዩ ይችላሉ። በፎቶ ብቻ አይታዘዝም፣ ርዝመቱ በሜትር ይለካ።

ሲፈታ በብዙዎቹ ላይ የዳዶው ጠርዝ ተቀጥቅጦ የተቆለፈ ነው፤ በመሮ አቅንታችሁ፣ ጎማው መሬት እንደረገጠ፣ ፍሬን አስረግጣችሁ በ30 ቁጥር ቡሶላ አላሉት። ከዚያ ክሪክ፣ ከክሪኩም ጋር የብረት መደገፊያ፤ በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ። የታችኛውን ቦል ጆይንት ከክንዱ ጋር የሚይዙትን ቡሎኖች ፈትታችሁ ሞዞውን ወደ ውጭ ሳቡት። ካልወጣ ዳዶውን ጫፉ ላይ መልሳችሁ በእንጨት ላይ ምቱ፣ ጥርሱ እንዳይበላሽ። የውስጡን ጫፍ በካምቢዮውና በጆይንቱ መካከል በገባ የብረት ዘንግ አውጡት፤ የአክስሉን ዘንግ ይዞ መሳብ ጆይንቱን ውስጥ ለውስጥ ይበትነዋል። ሥሩ ዕቃ አስቀምጡ፣ የካምቢዮ ዘይት ይፈሳል።

ኦይል ሲሉንና ዳዶውን ከአክስሉ ጋር አንድ ላይ ግዙ፤ ዋጋቸው ትንሽ ነው፣ ለእነሱ ሲባል ድጋሚ መፍታት ግን ያናድዳል። ዳዶው ከ200 ኒውተን ሜትር በላይ ስለሚጠብቅ የልክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ) ከሌላችሁ ከጋራዥ ተዋሱ። የፈሰሰውን ዘይት በልኩ መልሱና ማታ ካምቢዮው ሥር ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ከሆነ አሮጌውን አክስል ለመሸጥ አትቸኩሉ፤ አንድ ሁለት ጊዜ ወደ ሐሙሲት ወይም ወደ መራዊ ሄዳችሁ እስክትመለሱ ግቢ ውስጥ ይቆይ።