የአባቴን ኮሮላ ላዳኑልኝ ጋሼ

ሎስ አንጀለስና አካባቢው ያላችሁ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች፣ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ። የአባቴ የ1979 ኮሮላ ዛሬ ስሞግ (የጭስ ምርመራውን) አለፈች! ተመስገን!

አባቴ አሜሪካ እንደገባ የገዛት መኪና ናት። እኔና ወንድሜ ትምህርት ቤት የተመላለስነው በሷ ነው። መንዳት ሲያቆም "እንዳትሸጫት" ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። ሞተሯ ደክሞ ስለነበር ይታደስ ብዬ ጋራዥ አስገባኋት። መከራዬም ከዚያ ጀመረ።

ሰውዬው ሞተሩን አውርዶ ሲያድስ የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃዎቹን ነቃቅሎ ጣላቸው። ሳይጠይቀኝ! "ይሄ ሁሉ ቱቦ ትርፍ ነው፤ ሞተሩን ያፍነዋል" አለኝ። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ዳገት ላይ ታንኳኳለች፣ ቤንዚን ትጠጣለች፣ ሽታዋ ልብስ ላይ ይቀራል። ስሞግ ስወስዳት ገና ኮፈኑ ሲከፈት ወደቀች። ተመልሼ ብሄድ "እኔ ያደስኩት ሞተር ነው" ብሎ አሰናበተኝ። ሌላ ጋራዥ ደግሞ ጭራሽ "ገንዘብ ጨምሪ፤ ወረቀቱን የሚጨርስልሽ ሰው አለ" አሉኝ። ያንን ገንዘብ እንዴት እንዳጠራቀምኩት እኔ ነኝ የማውቀው። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

እኚህን ጋሼ የጠቆመችኝ ፌርፋክስ መንገድ፣ ሊትል ኢትዮጵያ ያገኘኋት አንዲት እህት ናት። ሙያውን የተማሩት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ብዙ አያወሩም። መነጽራቸውን አድርገው ኮፈኑ ስር የተለጠፈችውን የደበዘዘች ወረቀት በባትሪ እያበሩ አነበቡ። ለካ የትኛው ቱቦ ከየት ወዴት እንደሚሄድ እዚያ ላይ ተስሏል! እስከዚያ ቀን ማንም ዞር ብሎ አላያትም። "እዚህ ጋ የአየር ፓምፕ ነበር። ይሄን ቀዳዳ በብሎን ደፍነውታል" እያሉ በጣታቸው አሳዩኝ።

ከዚያ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። "ልጄ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የ1975 እና ከዚያ በፊት የተሰራ የቤንዚን መኪና ስሞግ አይጠየቅም። ያንቺ ግን በየሁለት ዓመቱ ይታያል። ጭሱ ንጹህ ቢሆን እንኳ አንድ ዕቃ ከጎደለ ይጥሉሻል" አሉኝ። ሞተሩም ከፋብሪካ የወጣው ከነዚያ ዕቃዎች ጋር ተመጣጥኖ ስለሆነ፣ ሲነቀሉበት ማንኳኳቱ አይገርምም አሉ። ሌላውን የቴክኒክ ነገር አልተረዳሁትም። ግን ደግሜ ደጋግሜ ስጠይቃቸው አንዴም ፊታቸው አልተቀየረም። ከዚያ ሁሉ ንቀት በኋላ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነበር።

የጎደሉትን ዕቃዎች፣ ከአሮጌ መኪኖች ላይ የተነቀለ ዕቃ የሚሸጥባቸውን ግቢዎች በራሳቸው ሰዓት እየዞሩ ፈለጉልኝ። ደረሰኙን አሳይተው የከፈሉትን ብቻ ተቀበሉኝ፤ አንድ ዶላር አልጨመሩም! ካታሊቲኩን (ጭስ ማጽጃውን) ግን "ያገለገለ መግጠም እዚህ ስቴት ክልክል ነው" ብለው የተፈቀደውን አዲስ አስገዙኝ። ርካሹን ገጥመው ዝም ቢሉኝ እኔ በምን አውቅ ነበር?

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ። አባቴ ዛሬ የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ "ይቺ የኔዋ ናት" አለ።

ሞተር ልታሳድሱ ከሆነ ወደኚህ ሰው ሂዱ። ሌላ ቦታም ከሄዳችሁ የተነቀለ ዕቃ ሁሉ በካርቶን ይቀመጥልኝ በሉ፤ እንዳይጣል። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቅዳሜ ሰው ስለሚበዛባቸው ቀድማችሁ ደውሉ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ አያነሱም።