አንድ ወጥ ወይስ ደቦ?

ጅማ ገበያ ባለሦስት እግሩን በርጩማ ባየሁ ቁጥር ክሬይ-1 ትዝ ይለኛል። በርጩማው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል፣ መጋጠሚያ የለውም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሲሞር ክሬይ የሠራው ይህ ሱፐርኮምፒውተርም (ከተራው እጅግ የፈጠነ ኮምፒውተር) እንደዚያው አንድ ወጥ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ሎስ አላሞስ የምርምር ላቦራቶሪ ገባ። 5 ቶን ገደማ ይመዝናል፣ ይቀዘቅዝ የነበረው ፍሪዮን በሚባል ማቀዝቀዣ ነው። ክብ ሊሆን ትንሽ ቀርቶት የታጠፈው ለማማር እንዳይመስላችሁ፤ ሽቦዎቹ እንዲያጥሩ ነው። ሽቦ ሲያጥር ምልክቱ ቶሎ ይደርሳላ። ዙሪያውን መቀመጫም አለው። በርጩማ ነው ያልኩት በከንቱ አይደለም!

ቤዎውልፍ የሚባለው የኮምፒውተሮች ስብስብ ግን ደቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር ናሳ ውስጥ ባለ 486 ፕሮሰሰር 16 ተራ ኮምፒውተሮችን በኢተርኔት ገመድ አገናኙ፣ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓተ ክወና ጫኑባቸው፣ አለቀ። ርካሽ ነው። ጣጣው ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ የሚያወሩት ወሬ ላይ ነው። እንደ ቡና ለቀማ ሁሉም የየራሱን ዛፍ ከያዘ ሥራው ይፈጥናል። አንዱ የሌላውን ውጤት የሚጠብቅ ከሆነ ግን ገመዱ ላይ ወረፋ ነው።

ምርጫዬ ደቦው ነው። ከጓደኛዬ ጋር ሦስት አሮጌ ኮምፒውተሮች አገናኝተን ሞክረናል። መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዱ አልነሳ አለ። በሁለቱ ቀጠልን።