የኮምቦልቻ የኮንቴይነር ቤቶች፦ ለቤተሰብ ይሆናሉ ወይ?

የኪራይ ቤት ለቅቆ ኮንቴይነር ውስጥ ለመግባት ላሰበ ቤተሰብ ኮምቦልቻ ምቹ ቦታ ናት። ደረቅ ወደቡ እዚሁ ነው፣ በያጅም አናጺም አይጠፋም። ብያኔውን ከፊት እናስቀምጠው፦ ባለ 20 ጫማው ሱቅ፣ ቢሮ ወይም የጥበቃ ቤት ይሆናል። ቤተሰብ የሚያኖረው ባለ 40 ጫማው ነው፣ ያውም «ሃይ ኪዩብ» የሚሉት ከፍ ያለው።

ምክንያቱ ልኬቱ ነው። የባለ 20ው ውስጥ 5.90 በ2.35 ሜትር ስለሆነ 14 ካሬ እንኳ አይሞላም። ባለ 40ው 12.03 በ2.35፣ 28 ካሬ ይወጣዋል። ግድግዳው በሁለቱም ወገን ሲለበስ ወርዱ ወደ 2.20 ይወርዳል። 1.90 ርዝመት ያለው አልጋ አግድም ይገባል፤ ወርዱ 1.50 የሆነ አልጋ በቁመት ቢዘረጋ 70 ሳንቲም መተላለፊያ ይተርፋል። ኤል ሶፋ ያላችሁ ከአሁኑ ሽጡት። ከፍታውም ቀላል ነገር አይደለም፦ የተለመደው ኮንቴይነር ውስጡ 2.39 ነው፣ ሃይ ኪዩቡ 2.69። ኮርኒስ ከገባ በኋላ ተደራራቢ አልጋ ላይኛው ላይ የሚተኛው ልጅ ልዩነቱን በጭንቅላቱ ይለካዋል።

ሳጥኑን ስትመርጡ ቀለሙን ተዉት። ውስጥ ገብታችሁ በሩን አስዘጉና ጨለማው ውስጥ ቁሙ፤ ብርሃን የገባበት ሁሉ ዝናብ ይገባበታል። በሩ ላይ ያለችው የብረት ሰሌዳ የተሠራበትን ዘመንና የወለሉ እንጨት በምን መድኃኒት እንደታከመ ትናገራለች። ወለሉ 28 ሚሊ ኮምፖልሳቶ ነው፣ ነፍሳት እንዳይበሉት በኬሚካል የተነከረ። ብዙ ሠራተኞች በላዩ ላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ ለጥፈው ያስረክባሉ። ሕፃን የሚድህበት ቤት ከሆነ ግን ወይ ይነሣ ወይ በኢፖክሲ ቀለም ይታሸግ። የጉምሩክና የሽያጭ ሰነዱ ላይ ያለው ቁጥር በሩ ላይ ከተጻፉት አራት ፊደላትና ሰባት አኃዞች ጋር አንድ መሆኑንም አመሳክሩ። መርከብ ድርጅቱ ይመለስልኝ የሚለውን ሳጥን ገዝቶ መኖር አይቻልም።

ትልቁ ጉዳይ ላብ ነው። አራት ሰው ሲተነፍስ፣ ሲያበስልና ሲታጠብ በቀን ከ5 ሊትር በላይ ውሃ ወደ አየር ይለቃል። ያ እንፋሎት ሌሊት ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ ይቻላል። 600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በምትገኘው ደሴ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ግድግዳው የለበሰው ጂፕሰም ሥሩ በአንድ ወቅት ውስጥ ይሻግታል፣ ይጠቁራል።

ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መፍትሔ ነጭ ፎም ቆርጦ በሞራሌ መሃል መክተት ነው። ርካሽ ነው፣ ግን የኮንቴይነር ግድግዳ ሽንሽን ነው፤ እያንዳንዱ እጥፋት 3.6 ሳንቲም ይገባል። ጠፍጣፋ ፎም እዚያ አይደርስም፣ ክፍተቱ ውስጥ አየር ይቀራል፣ አየሩም ያልባል። የሚረጨው ፎም ብረቱ ላይ ተጣብቆ ስለሚያብጥ ክፍተት አይተውም፤ 5 ሳንቲም ከተረጨ ለደሴም ይበቃል። አቅም ካልፈቀደ ነጩን ፎም አድርጉ፣ ከጂፕሰሙ በስተጀርባ ግን ወፍራም ላስቲክ ይወጠር፣ መጋጠሚያው በቴፕ ይታሸግ። ላስቲኩ የሚሆነው በቤቱ በኩል እንጂ በብረቱ በኩል አይደለም፤ ይህን ገልብጦ የሚሠራ አለና ቆማችሁ እዩ።

ቅደም ተከተሉም ይጠበቅ። መስኮትና በር ተቆርጦ፣ ብየዳው አልቆ፣ አንቲረስት ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ ነው ፎም የሚገባው። «አንድ መስኮት ረስተናል» ብሎ ፎም ባለበት ግድግዳ ላይ ግራይንደር የሚያነሣ ሠራተኛ ቤቱን ያቃጥለዋል። ግድግዳው 1.6 ሚሊ ያህል ላሜራ ስለሆነ ጥንካሬው ከሽንሽኑ ነው የሚመጣው። የተቆረጠ ቦታ ሁሉ ዙሪያውን 60 በ40 ሚሊ ቱቦላሬ ፍሬም ይፈልጋል፣ ብየዳውም ዙሪያውን ያለመቋረጥ ይሂድ። በነጥብ በነጥብ በይዶ ቀሪውን በሲሊኮን መድፈን ሲረከቡት ያምራል፣ ሐምሌ ላይ ያፈስሳል። ከመረከባችሁ በፊት እያንዳንዱ መስኮት ላይ 15 ደቂቃ የውሃ ጎማ ይልቀቁበት።

ጣራ በጣራ ላይ መደረብ ግዴታ ነው። ከኮንቴይነሩ 30 ሳንቲም ከፍ ብሎ የቆመ ቆርቆሮ የግንቦትን ፀሐይና የደሴን በረዶ ይቀበላል፣ በመሃሉ ነፋስ ያልፋል። በአንድ ወገን 1.5 ሜትር ካስረዘማችሁት በረንዳ ይሆናል። በረንዳው ጌጥ እንዳይመስላችሁ፣ የከሰል ምድጃው ቦታ እዚያ ነው። በዚህ ዓይነት ድፍን ብረት ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ ቡና ማፍላት ሰው ይገድላል። በረንዳ ቢኖርም ውስጡ ሁለት ባለ 15 ሳንቲም አየር ማስገቢያ ይኑረው፤ አንዱ ከታች፣ ሁለተኛው በትይዩው ግድግዳ ከላይ።

ሮቶ ጣራው ላይ ማውጣት የተለመደ ስሕተት ነው። የኮንቴይነር ጣራ የሚፈተነው በ300 ኪሎ ነው፤ 1,000 ሊትር ውሃ ብቻውን 1 ቶን ይመዝናል። ጭነት የሚሸከሙት አራቱ የማዕዘን ምሰሶዎች ስለሆኑ ሮቶው የራሱ ማማ ይሠራለት።

በመብራት ሥራ ቆጣቢ አትሁኑ። አንድ ሽቦ ቢላጥ ቤቱ በሙሉ ነው ኤሌክትሪክ የሚይዘው። ኧርዝ ይቀበር፣ ከሳጥኑ ጋር በብሎን ይታሰር፣ 30 ሚሊአምፔር ሲያፈስ የሚቆርጥ ብሬከርም ይግባ። የእንጀራ ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት ከሆነ 16 አምፔር ይጎትታል፣ ስለዚህ ለብቻው 4 ካሬ ሚሊ ሽቦና 25 አምፔር ብሬከር ይሰጠው። ሽቦው ላሜራውን በሚበሳበት ቦታ ሁሉ ኮንዱት (የሽቦ ቱቦ) ውስጥ ይለፍ።

ሽንት ቤቱ ብዙ አያስቸግርም፤ የወለሉን ቀዳዳ ከመብሳታችሁ በፊት ግን ከሥር በየ30 ሳንቲሙ የተደረደሩትን ተሸካሚ ብረቶች ፈልጉ። ስልክ ውስጡ በደንብ አይሠራም፣ መስኮት ሥር ሄዶ ማውራት ነው።

መሠረቱ ከ40 ሳንቲም በማያንስ የኮንክሪት እግር ላይ ይቁም፣ ግድግዳው ብዙ ከተቆረጠ መሃሉም ላይ ይደገፍ። ወደ ቦርከና ወንዝ ወረድ ያለው መሬት ዋልካ ከሆነ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ቁፋሮው ጠንካራው አፈር እስኪገኝ ይውረድ። የሳጥኑ ነባር በር መግጠም እንቢ ካለ የመሠረቱ ውሃ ልክ መዛነፉን አትጠራጠሩ።

ደሴ ለሚወስዱ አንድ ማሳሰቢያ፦ ዋናውን መንገድ ትሬለሩ ይወጣዋል፣ ሰፈር ውስጥ ያለው ዳገትና ጠባብ መታጠፊያ ላይ ነው የሚቆመው። 12 ሜትር ዕቃና ክሬን የሚቆሙበት ቦታ መኖሩን በሜትር ለክታችሁ ቀብድ ክፈሉ። ክፍያውንም ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ ሲጀመር፣ ፎሙ ገብቶ ጂፕሰም ሳይለብስ በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ፣ የመጨረሻው ደግሞ በጎማ ተፈትኖ ካላፈሰሰ።