ዲኤስኦ138፦ ርካሹ ኦሲሎስኮፕ ደብረ ብርሃን ላይ እንዴት ከረመ

ዲኤስኦ138 የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን ላይ ስሎ የሚያሳይ መሣሪያ (ኦሲሎስኮፕ) ነው። ለድምፅ ማጉያ፣ ለትራንስፎርመር ኃይል አቅርቦትና ለአርዱዪኖ (በፕሮግራም ለሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ከሆነ ይግዙት። ለሬዲዮ ጥገና ከሆነ ገንዘብዎን ይያዙ። ክረምቱንም በጋውንም አብሬው ከከረምኩ በኋላ የደረስኩበት ፍርድ ይኸው ነው።

ዲኤስኦ138 ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ገዢው ራሱ በየዶ እንዲገጣጥመው ሆኖ ነው። (መበየጃው በዚያው እጅ ያሞቃል፤ የደብረ ብርሃንን ኅዳር የቀመሰ ይረዳኛል።) መግቢያው አንድ ብቻ ነው፤ በሴኮንድ እስከ አንድ ሚሊዮን ናሙና (የቮልቴጅ ንባብ) ይወስዳል፤ የሚችለው ድግግሞሽ (ሞገዱ በሴኮንድ የሚደጋገምበት ብዛት) እስከ 200 ኪሎኸርዝ ነው። ለባለሙያ ይህ ቁጥር ቀልድ ነው። እኔ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ግን መብራቱ 50 ኸርዝ፣ የሰው ጆሮ የሚሰማው ድምፅ ቢበዛ 20 ኪሎኸርዝ፣ አርዱዪኖ ኡኖ በአብዛኞቹ እግሮቹ የሚያወጣው ምት ደግሞ 490 ኸርዝ ገደማ ነው።

ዋጋውን የመለሰልኝ የዕድራችን ድምፅ ማጉያ ነው። የዕድሩ ዳኛ ይዘውት ሲመጡ «እንደው ልጄ፣ ውስጡ ንብ ሰፍሮበት ይሆን?» አሉኝ። መልቲሜትሩ የኃይል አቅርቦቱን ቮልቴጅ ከሚጠበቀው ጥቂት ዝቅ አድርጎ ከማሳየት በቀር ምንም አልነገረኝም። ኦሲሎስኮፑን በኤሲ (የቮልቴጁን መዋዠቅ ብቻ በሚያሳየው) አድርጌ፣ የስክሪኑን አንድ ካሬ 5 ሚሊሴኮንድ ላይ አስተካክዬ ከማጣሪያው (መዋዠቁን ከሚያለሰልሰው) ካፓሲተር ጋር ሳገናኘው፣ ጉብታዎቹ በየአራት ካሬው ብቅ ይላሉ። አራት ካሬ 20 ሚሊሴኮንድ፣ ማለትም 50 ኸርዝ ነው። የመብራቱን ተለዋዋጭ ሞገድ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዞሩት አራቱ ዳዮዶች ጤነኛ ቢሆኑ ኖሮ ጉብታው በየሁለት ካሬው፣ በ100 ኸርዝ መምጣት ነበረበት። ስለዚህ የሞገዱ ግማሽ እየጠፋ ነው፤ አንዱ ዳዮድ ተበጥሷል። ዳዮዱ ሲቀየር ጉብታዎቹ ተቀራረቡ፣ ቁመታቸውም አጠረ፣ እምምታውም ጠፋ።

አሁን ወደ ጉዳቱ። የተለመደው የሬዲዮ መካከለኛ ድግግሞሽ (ሬዲዮው የያዘውን ጣቢያ ለውጦ የሚያጎላበት) 455 ኪሎኸርዝ ነው፤ ለአንድ ሞገድ የሚደርሰው ከሁለት ነጥብ (ናሙና) ብዙም አይበልጥም። ከሁለት ነጥብ ቅርጽ አይወጣም። ከዚህ የባሰው ደግሞ መዋሸቱ ነው። የጊዜ መለኪያውን ባዘገዩት ቁጥር የናሙናው ፍጥነት ይወርዳል፤ ያኔ ፈጣኑ ሞገድ ቀርፋፋና የተስተካከለ መስሎ ይታያል። አዲስ ሰው አምኖት ቀኑን ሙሉ የሌለ ብልሽት ሊፈልግ ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሁልጊዜ ከፈጣኑ መለኪያ ተነስተው ወደ ቀርፋፋው ይውረዱ። መለኪያውን ሲቀይሩ የሞገዱ ድግግሞሽ አብሮ ከተቀየረ ያዩት ሐሰት ነው።

መግቢያው የሚችለው እስከ 50 ቮልት ነው። የግድግዳው 220 ቮልት ጫፉ 310 ገደማ ይደርሳል፤ ሰሌዳው ደግሞ ራቁቱን ነው፣ ስለዚህ በቀጥታ አይነካኩት። የኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይር ዕቃ) ሞገድ ማየት ስፈልግ 220ን ወደ 12 በሚያወርድ ትንሽ ትራንስፎርመር በኩል አያለሁ። ርካሽ ኢንቨርተር ደረጃ ደረጃ ያለው ሞገድ ሲያወጣ በዚያ መንገድ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የሚሠራው በ9 ቮልት ነው። መብራት እንደ ልቡ በሚሄድበት ሰፈር ይህ ትልቅ ጸጋ ሆኖልኛል፤ ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ በወጡ ሁለት ሴሎችና ቮልቴጅ ከፍ በሚያደርግ ሰሌዳ አሠራዋለሁ። ይህ ቮልቴጅ አሳዳጊ ሰሌዳ የራሱን ጫጫታ ስለሚጨምር በ10 ሚሊቮልቱ መለኪያ ላይ መስመሩ ይወፍራል፤ ከዚያ በላይ ባሉት አያስቸግርም።

ተንሸራታች ማብሪያዎቹ መላላት ጀምረዋል። አብሮት የመጣውን ባለመቆንጠጫ ገመድ ጥዬ ደህና ፕሮብ (መለኪያ ገመድ) ገዝቻለሁ፤ ከመጀመሪያው ቢታሰብበት የሚሻል ወጪ ነው። ሬዲዮና የሞባይል ቻርጀር ለመጠገን ያሰበ ግን ገንዘብ አጠራቅሞ እንደ ሪጎል ዲኤስ1054ዜድ ያለ፣ 50 ሜጋኸርዝና አራት መግቢያ ያለው ያገለገለ ዕቃ አዲስ አበባ ወርዶ ቢፈልግ ይሻለዋል።