ለፒኤችዲ ማመልከቻ ሀዋሳ ላይ ያወጣሁት ብር

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። በአረማመድ ምርመራ ዶክትሬት መሥራት ስለምፈልግ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ የስኮላርሺፕ አማካሪ ቢሮ ሄድኩ። ስሙን አልጠቅስም።

የማመልከቻ ደብዳቤ የሚያርመው ልጅ ጎበዝ ነው። ቀይ እስክሪብቶ አነሳና «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት...» የሚለውን አንቀጼን ሙሉውን ሰረዘው። ከዚያ «ሴሬብራል ፓልሲ (እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት) ያለበት ልጅ ሲራመድ መጀመሪያ ምኑን ነው የምታዪው?» አለኝ። ጉልበቱ መታጠፉን፣ ተረከዙ መሬት መንካት አለመንካቱን ነገርኩት። «በቃ፣ እሱን ጻፊው» አለ። ለዚህ የከፈልኩት አይቆጨኝም።

የክፍት ቦታ ዝርዝራቸው ግን አናደደኝ። ግማሹ ቀኑ ያለፈበት ነው። ደግሞ «ስኮላርሺፕ ጠብቂ» ይላሉ እንጂ ስዊድንና ኔዘርላንድስ ብዙ የዶክትሬት ቦታ ደሞዝ ያለው ሥራ ሆኖ በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ እንደሚወጣ፣ የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የሚሰጣቸው የማሪ ኩሪ የዶክትሬት ኔትወርኮችም ባለፉት 36 ወራት ተቀባዩ አገር ውስጥ ከ12 ወር በላይ ያልኖረን የየትኛውንም አገር ዜጋ እንደሚቀበሉ አንድም ሰው አልነገረኝም። ይሄ እኮ ለእኛ ትልቅ በር ነው! ብቻዬን ፈልጌ ነው ያገኘሁት።

ደብዳቤ ለማሳረም ከሆነ ሂዱ፣ ጠዋት ወረፋ የለም። ዝርዝሩን አትግዙ።