የጥርስ ኢምፕላንት ሲመርጡ፦ የብረት ብናኝ የሚወጣው ከየቱ ነው?

ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ሦስት ክሊኒክ ዞሮ የኢምፕላንት፣ ማለትም በወደቀ ጥርስ ቦታ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ሥር፣ ዋጋ የጠየቀ ሰው ሦስት ዓይነት ወረቀት ይዞ ይመለሳል። አንዱ «ቲታኒየም» ብሎ ያበቃል። ሌላው የአገር ስም ይጠራል፤ የኮሪያ፣ የስዊስ። ሦስተኛው «ከብረት ነፃ» የሚል፣ ዚርኮኒያ የተባለ ሴራሚክ ነው። ሦስቱም ላይ የሌለው ነገር ብሎኑና ሥሩን ከላዩ ጥርስ (ከክራውኑ) ጋር የሚያያይዘው መጋጠሚያ፣ አባትመንቱ፣ ከምን እንደተሠሩ ነው፤ ከዋነኞቹ የብናኝ ምንጮች አንዱ ደግሞ ይህ መጋጠሚያ ነው።

ቲታኒየም አየር ሲነካው ላዩ ላይ ጥቂት ናኖሜትር የምትሆን የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል፤ ከዝገት የምትጠብቀው እሷ ናት። ብትጫር ወዲያው ራሷን ትተካለች። ጉዳት የሚመጣው ሁለት ክፍሎች በየንክሻው ሲፋተጉ፣ ወይም አሲድ ሲያገኛት ነው። የተፋቀው ብናኝ ድድ ውስጥ ሲቀር ማክሮፋጅ የሚባሉ የመከላከያ ሴሎች ይውጡታል፤ ሊፈጩት ስለማይችሉ ብግነት ቀስቃሽ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ አጥንት የሚያሟሙ ሴሎችን ያነቃሉ። በታመመ ኢምፕላንት ዙሪያ ያለ ድድ ውስጥ ከጤነኛው የበለጠ ቲታኒየም ተገኝቷል። ብናኙ ብግነቱን አመጣ ወይስ ብግነቱ ብናኙን አበዛ የሚለው ግን ገና አልተፈታም፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የተካሄደው ዓለም አቀፍ የድድ ሕክምና ጉባኤም ማስረጃው ለፍርድ አይበቃም ብሏል። ዋናው ጠላት አሁንም በኢምፕላንቱ ዙሪያ የሚከማቸው የባክቴሪያ ቆሻሻ ነው። «ቲታኒየም መርዝ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ምናልባት ዚርኮኒያ እየሸጠ ይሆናል።

በቲታኒየሞቹ መካከል ያለው ልዩነት በደረጃ ይገለጻል። ደረጃ 4 የሚባለው ንጹሑ ነው፤ 99 በመቶ ገደማው ቲታኒየም ነው። ደረጃ 5 ደግሞ 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም የተጨመረበት ነው። ጥንካሬው ይበልጣል፤ ነገር ግን ቫናዲየም ለሴል ከቲታኒየም ይልቅ ጎጂ ነው። አጥንት ውስጥ ለሚቀመጠው አካል እኛ ደረጃ 4ን እንመርጣለን። ሆኖም አካሉ ደረጃ 4 በሆነበት ዕቃ ላይ እንኳ ብሎኑና አባትመንቱ ብዙ ጊዜ ደረጃ 5 ናቸው፤ ስስ ብሎን ያን ጥንካሬ ይፈልጋል። ስለዚህ «ንጹሕ ቲታኒየም ነው» ሲባሉ «የትኛው ክፍሉ?» ብለው ይጠይቁ። አጥንትዎ ጠባብ ከሆነና ቀጭን ኢምፕላንት ካስፈለገ 15 በመቶ ገደማ ዚርኮኒየም የሚባል ብረት ያለበት የቲታኒየም ቅይጥ አለ፤ ከደረጃ 4 ይጠነክራል፣ አሉሚኒየምም ቫናዲየምም የለበትም።

ዚርኮኒያ ሴራሚክ ነው፤ እንደ ብረት አይዝግም፣ በስስ ድድ በኩልም ግራጫ ሆኖ አይታይም። ለፊት ጥርስና ቲታኒየም እንደማይስማማው በምርመራ ለታወቀ ሰው ጥሩ ነው። ግን ይሰበራል። ሥሩና አባትመንቱ አንድ ወጥ የሆነው ዓይነት ሲተከል ትንሽ ከተጣመመ በአባትመንት ማቃናት አይቻልም፤ አፍ ውስጥ መሞረድ ደግሞ ያዳክመዋል። ከተሰበረ ሥሩ ከአጥንት ተቆፍሮ ነው የሚወጣው። ለመንጋጋ ጥርስ፣ በተለይ ሌሊት ጥርስ ለሚያፋጭ ሰው፣ አንመክረውም።

ከሁሉ የከፋው ቅልቅሉ ነው፦ የቲታኒየም ኢምፕላንት ላይ በቀጥታ የተገጠመ ሙሉ ዚርኮኒያ አባትመንት። ዚርኮኒያው ስለሚጠነክር በየንክሻው ቲታኒየሙን ይሞርዳል። ተፈትቶ ሲታይ ነጩ ሾጣጣ አንገት ላይ ጥቁር ቀለበት ይገኛል፤ ያ ቀለበት የኢምፕላንትዎ ፍቅፋቂ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዚርኮኒያው ከታች የቲታኒየም መቀመጫ ይኑረው፣ ብረት ከብረት ይጋጠም።

ሁለተኛው የብናኝ ምንጭ «ይገጥማል» የሚባለው አስመስሎ የተሠራ አባትመንት ነው። ኢስታንቡል አስተክለው እዚህ ክራውን የሚያሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚገጥማቸው ይህ ነው። በዓይን የማይታይ ክፍተት ብሎኑን ያላላል፣ የላላው ይፋተጋል። ኦሪጅናሉን ይጠይቁ፤ ብሎኑም በእጅ ስሜት ሳይሆን በቶርክ ቁልፍ፣ አምራቹ ባለው ልክ ይጥበቅ፤ ብዙዎቹ ከ30 እስከ 35 ኒውተን ሴንቲሜትር ይላሉ። ክራውን ደጋግሞ ከላላ ማጥበቅ ብቻ አይበቃም፤ ብሎኑ ይቀየር።

ርካሽ ኒኬል ክሮም ክራውንም ይቅርብዎት። ሁለት የማይመሳሰሉ ብረቶች ምራቅ ውስጥ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፣ ደካማው ይበላል። የኒኬል አለርጂም ከቲታኒየም አለርጂ እጅግ የበዛ ነው።

ጥርስ ሲያሳጥቡ «እዚህ ጋ ኢምፕላንት አለኝ» ብለው አስቀድመው ይናገሩ። ተራው የብረት ጫፍ ቲታኒየሙን ይጭረዋል፤ የፕላስቲክ ወይም ፒክ (PEEK) የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ጫፍ፣ አለዚያም በአየር የሚነፋ ለስላሳ የግላይሲን ዱቄት ይጠቀሙልዎት። አሲድነት ያለው 1.23 በመቶ የፍሎራይድ ጄል ኢምፕላንት አይንካ። ተራ የጥርስ ሳሙና ግን ችግር የለውም። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውኃም፣ የወንጂን ልጆች ጥርስ ቢያበላሽም፣ ፍሎራይዱ በሊትር በሚሊግራም የሚቆጠር ነው፤ ከጄሉ ጋር አይወዳደርም።

ኢምፕላንቱ ሲከፈት ማሸጊያው ላይ የሚላጡ ስቲከሮች አሉ፤ ስሙ፣ ውፍረቱ፣ ርዝመቱና የሎት (የምርት ምድብ) ቁጥሩ ተጽፎባቸዋል። አንዱን ካርድዎ ላይ ያስለጥፉ፣ የአባትመንቱንም እንዲሁ። ከአምስት ዓመት በኋላ ብሎን ቢሰበር ትክክለኛው መለዋወጫ የሚገኘው በዚያ ቁጥር ነው።