የእንጀራ ቅድመ ትዕዛዝ፦ በቴሌግራም ወይስ በጎግል ፎርም?

ሊጥ እስኪቦካ 2 ወይም 3 ቀን ይፈጃል፤ ስለዚህ የትዕዛዙ ብዛት ሊጡ ከመቦካቱ በፊት መታወቅ አለበት።

ለጥቂት ደንበኞች ቴሌግራም ይበቃል። ዋጋውን ቻናል ላይ ይለጥፋሉ፣ ሰው በውስጥ መስመር ያዝዛል። ችግሩ «እንደ ባለፈው ላኪልኝ» የሚለው ነው (ባለፈው ስንት ነበር?)። ከዚያ የባሰው ደግሞ ደንበኛ የላከውን መልእክት እስከ 48 ሰዓት ማረም መቻሉ፦ 20 የነበረው በዝምታ 30 ይሆናል። ትዕዛዙን ራስዎ ደግመው ጽፈው ያረጋግጡ።

በቀን ከ15 ትዕዛዝ በላይ ከሆነ ጎግል ፎርም (ደንበኛው በሊንክ ከፍቶ የሚሞላው የኢንተርኔት ቅጽ) ይሻላል። አምስት ጥያቄ ይበቃዋል፦ ስም፣ ስልክ፣ ብዛት፣ የመረከቢያ ቀን፣ የቴሌብር የግብይት ቁጥር። ብዛቱ ከ10 እስከ 50 ያለ ቁጥር ብቻ እንዲቀበል ያድርጉ። መልሶቹን ከጎግል ሺት (የኢንተርኔት ሠንጠረዥ) ጋር ካገናኙ የየቀኑን ድምር በቀመር ያገኛሉ። ከስልክ ቁጥሩ ፊት ያለው 0 ከጠፋ ግን አይደንግጡ፤ ሺቱ እንደ ተራ ቁጥር ቆጥሮት ነው።

የክፍያ ስክሪንሾት አይጠይቁ። ፋይል ለመጫን ደንበኛው በጎግል አካውንት መግባት አለበት፤ ምስሉም በቀላሉ ይጭበረበራል። የሚታመነው ወደ እርስዎ ስልክ የገባው የቴሌብር መልእክት ነው። ፎርም መሙላት ለሚከብዳቸው እናቶች በስልክ ተቀብለው እዚያው ፎርም ላይ ይሙሉላቸው።